የእድሩ መሰላልና የእኔ ጣሪያ

ይህ ነገር የደረሰብኝ አምና፣ የሰኔ ሚካኤል ዕለት ነው። ዓመት ሊሞላው ነው። ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ባረፈ ቁጥር ጉልበቴ ያስታውሰኛል፤ ጉልበቴ ቢረሳ የሰፈሬ ሰው ያስታውሰኛል። እኔው ራሴ ብጽፈው ይሻላል አልኩ። ሌላ ሰው ከጻፈው ከዚህ የባሰ ይሆናል።

ሰባ ሦስት ዓመቴ ነው። ነቀምቴ ተወልጄ፣ እዚያው ጨለለቂ ሰፈር አርጅቻለሁ። አባቴ ከጎጃም መጥተው እዚህ ቀሩ፤ እኔ ደግሞ የትም ሳልሄድ ቀረሁ። ሠላሳ ስምንት ዓመት መዝገብ ቤት ሠርቼ ጡረታ ወጣሁ። ጡረታ የወጣ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ? የእድር ንብረት ያዥ ይሆናል።

ቤቴ አባቴ የተዉልኝ ቆርቆሮ ቤት ነው። ከጎኑ አንድ ትልቅ ግራቪሊያ ዛፍ አለ። ጥላው ደስ ይላል። ቅጠሉ ግን በጋውን ሙሉ ጣሪያው ላይ ይረግፍና አሸንዳው ውስጥ ይተኛል። ዝናብ ሳይገባ ካላነሱት፣ ውሃው መውረጃ ሲያጣ ወደ ኋላ ይመለስና ኮርኒስ ውስጥ ይገባል። ይህን ሰው ሁሉ ያውቃል። እኔም አውቅ ነበር። ማወቅ ብቻውን ግን አሸንዳ አይጠርግም።

ሰፈራችን ውስጥ ጣሪያ የሚያጸዳ ገመቹ የሚባል ጎልማሳ አለ። ቅጠል ይጠርጋል፣ አሸንዳ ያጸዳል፣ የዛገ ምስማር ይቀይራል፣ የተበሳ ይደፍናል። አምና ሚያዝያ ላይ ራሱ መጥቶ በሬን አንኳኳ።

«ጋሼ፣ ጣሪያዎን አሁን ልሥራልዎ። ደረቅ ነው፤ ቶሎ ያልቃል።»

«ስንት ትላለህ?»

«ሁለት ሺህ አምስት መቶ።»

«ቅጠል ለመጥረግ? ከዚህስ ዛፉን ብመክረው ይሻለኛል።»

አንድ ሺህ አልኩት። ሳቀ። ሲስቅ የሚያስቀይም ሰው አይደለም።

«እኔ የማስከፍለው ለቅጠሉ አይደለም ጋሼ፤ ለወሩ ነው። ሰኔ ሲገባ ዋጋው ሌላ ነው።»

እኔ ግን የራሴ ስሌት ነበረኝ። በበጋ ሁሉም ያስጠርጋል፤ ስለዚህ ገመቹ ይወደዳል። ክረምት ሲገባ ማንም አያስጠርግም፤ ስለዚህ ሥራ ይፈታና ደጄ መጥቶ በሺህ ብር ይለምነኛል። ይህንኑ ለባለቤቴ ለአስካለ ነገርኳት። ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ቀና እንኳ ሳትል፣

«ክረምት የማያስጠርጉት በበጋ ስላስጠረጉ ነዋ» አለችኝ።

 እኔም ጋዜጣዬን ገልጬ ብልህ መሰልኩ።

የወለጋ ዝናብ ቀጠሮ አያበዛም። ግንቦት አጋማሽ ላይ ገባ፤ ገብቶም ተቀመጠ። በሦስተኛው ቀን ኮርኒሳችን ላይ የሻይ ቀለም ያለው ክብ ወጣ። በአምስተኛው ቀን ከክቡ መሃል ጠብ፣ ጠብ ማለት ጀመረ፤ ያውም በአስካለ ትራስ በኩል። አልጋውን ወደ መስኮት ገፋነው። ጠብታው ተከተለን። ወደ በሩ ገፋነው። እዚያም ሌላ ጠብታ ጠበቀን። እኔ በዕድሜዬ ያን ያህል አገር አልዞርኩም፤ አልጋችን በሁለት ሳምንት ዞረው።

አስካለ ወገቧን ያማታል። ብትጮህብኝ ይቀለኝ ነበር። እሷ ግን ሳፋውን ታስቀምጣለች፣ ሲሞላ ትደፋለች፣ መልሳ ታስቀምጣለች። አንድ ቀን ብቻ፣ የአልጋውን እግር እንደያዘች፣ «አንተ ሰውዬ፣ ይህን አልጋ እስከ መስከረም መግፋቴ ነው?» አለችኝ። ቁጣ አልነበረበትም። ድካም ብቻ ነበር። ይህ ይበልጥ ቆረቆረኝ።

ሰኔ እንደገባ ጃንጥላዬን ይዤ ገመቹ ዘንድ ሄድኩ።

«አሁን አራት ሺህ አምስት መቶ ነው ጋሼ» አለኝ። «እሱም ሁለት ቀን በተከታታይ ፀሐይ ከወጣ ነው። እርጥብ ቆርቆሮ ሳሙና ነው፤ እኔም ልጆች አሉኝ። ከፊትዎ ደግሞ ዘጠኝ ቤት አለ።»

ሥራ ፈትቶ ይለምነኛል ያልኩት ሰው ወረፋ ሰጠኝ። ወደ ቤቴ ስመለስ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ራሴ ብወጣስ? በልጅነቴ ያልወጣሁበት ዛፍ አልነበረም። ያ ልጅና እኔ ከተያየን ስድሳ ዓመት ማለፉን ለጊዜው ረሳሁት።

የጎደለኝ መሰላል ነበር። ረጅም መሰላል ያለው ደግሞ የእድራችን ዕቃ ቤት ነው፤ ድንኳን ሲተከል የሚወጡበት። የዕቃ ቤቱ ቁልፍ በኪሴ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የማያኮራኝን ነገር መናገር አለብኝ። እድራችን ኦርቶዶክሱንም ፕሮቴስታንቱንም ያቀፈ የሰፈር እድር ነው። ዕቃው ያለ ፈቃድና ያለ መዝገብ ከዕቃ ቤት አይወጣም። ይህን ደንብ ያረቀቅሁት እኔ ነኝ። ከእኛ ሦስት ግቢ ዝቅ ብለው የሚኖሩ ኦቦ ፉፋ የሚባሉ ሰው ታመው አልጋ ይዘው ነበር። ጠያቂ ሲበዛባቸው ባለቤታቸው አዴ ጫልቱ ሁለት አግዳሚ ወንበር ለአንድ ቀን ብለው ወሰዱ፤ ዘጠኝ ቀን አቆዩት። እኔ ምን አደረግሁ? በወሩ ስብሰባ ላይ ተነሥቼ ስማቸውን፣ የወንበሩን ቁጥር፣ ያለፈውን ቀን በመዝገብ ቤት ድምፄ አነበብኩና ሃምሳ ብር አስቀጣሁ። አዴ ጫልቱ «እሺ» ብለው ተቀመጡ።  እኔ ያን ቀን ደንብ ያስከበርኩ መስሎኝ ነበር።

የሰኔ ሚካኤል ዕለት ጠዋት ለሦስተኛ ቀን ፀሐይ ወጣ። አስካለ ነጠላዋን ለብሳ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ጉልበቴን አሞኛል ብዬ ቀረሁ። ጉልበቴ ያን ዕለት ደህና ነበር፤ አሁን የሚያመኝ ስለዋሸሁበት ይመስለኛል። በጓሮ መንገድ ሄጄ ዕቃ ቤቱን ከፈትኩ፣ መሰላሉን አወጣሁ፣ ጓጉንቸሩን መልሼ ቆለፍኩ። መዝገቡ ላይ አልጻፍኩም። ምን ብዬ ልጻፍ? «ንብረት ያዡ ከንብረት ያዡ ተዋሰ» ልበል?

እንግዲህ በሚካኤል ቀን፣ በተሰረቀ መሰላል፣ ሥራ ልሠራ ወጣሁ። ኃጢአቱ ለአንድ ጠዋት ይበቃ ነበር።

ጣሪያው ላይ መውጣቱ አልከፋም። በመጥረጊያ ቅጠሉን ገፋሁ፤ አሸንዳውን በቆርቆሮ ቁራጭ ዛቅሁ። ቅጠሉ በስብሶ ጥቁር ጭቃ ሆኗል። ከጭቃው መሃል አንድ ጫማ ወጣ። ከአምስት ዓመት በፊት ድመት ላይ የወረወርኩት የአስካለ ጫማ ነው። ያኔ ውሻ ወስዶት ይሆናል ብያት ነበር።

ግማሹን እንደጨረስኩ፣ ወደ ሦስት ሰዓት ግድም፣ የእድሩ ጡሩምባ ተነፋ።

ቀጥ ብዬ ጡሩምባ ነፊው የሚለውን ሰማሁ። ኦቦ ፉፋ አርፈዋል። ሁሉም ወደ አዴ ጫልቱ ግቢ እንዲመጣ።

እድር ውስጥ ጡሩምባ ሲነፋ ከሁሉ ቀድሞ የሚሮጠው ንብረት ያዡ ነው። ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሩ፣ ድስቱ፣ ሁሉም በእሱ ቁልፍ ሥር ነው። ወደ መሰላሉ መዳህ ጀመርኩ። ግማሽ መንገድ ሳልደርስ ታደሰና ጉደታ፣ ሁለቱ የእድሩ ድንኳን ተካዮች፣ ጓሮዬ ገቡ።

«ጋሽ ሽፈራው! ጋሽ ሽፈራው! ቁልፍ!»

ማፈር እግርን ያጥፋል። በደረቴ ተኛሁ፤ ቆርቆሮው ላይ ልጥፍ አልኩ።

«ኧረ ጉደታ፣ መሰላሉ እኮ እዚህ ቆሟል!»

«አየህ? ጡሩምባ ሳይነፋ አውጥቶ አዘጋጅቶታል። የኦቦ ፉፋን መድከም ማታ ሰምቶ ይሆናል።»

«ድሮስ! እንደሱ ያለ ሰው የት ይገኛል? ይኼኔ ዕቃ ቤቱን ከፍቶ እየጠበቀን ነው። በል ያዝ።»

አፌን ከፍቼ ነበር፤ ምስጋናው ቀደመኝ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሠርቼ እንደዚያ ያመሰገነኝ ሰው የለም። ሰው እንዲህ እያመሰገነው ከጣሪያ ላይ «አለሁ» አይልም። ምስጋናውን ሰጡኝ፣ መሰላሉን ወሰዱት።

ቀና ብዬ ሳይ ከጣሪያዬ ላይ ሁሉም ይታያል። የአዴ ጫልቱ ግቢ በሰው ተሞልቷል። ድንኳን የለም። ታደሰና ጉደታ ዕቃ ቤቱ በር ላይ መሰላሉን አቁመው ግራና ቀኝ ያያሉ። አንዱ «ሽፈራው!» ብሎ ይጣራል። በምዕራብ ከዲጋ በኩል ደግሞ ሰማዩ ጠቁሮ ይመጣል።

«ጋሼ?»

ከላይ የመጣ ድምፅ መሰለኝ፤ በሚካኤል ቀን ሠርቻለሁና ደነገጥኩ። ገመቹ ነው። አንድ ቤት አልፎ ባለው ጣሪያ ላይ መጥረጊያውን ይዞ ቆሟል። ሰፈሩ ውስጥ እኔን ሊያይ የሚችል አንድ ሰው ቢኖር ጣሪያ ላይ የቆመ ሰው ነው፤ እሱም ነበረ።

«ምን ሆነው ነው የተኙት? አመመዎት?»

ጣቴን አፌ ላይ አደረግሁ።

«መሰላልዎ የታለ?»

«ወሰዱት።»

«ማነው የወሰደው?»

«እድሩ።»

«የማን መሰላል ነበር?»

«የእድሩ።»

ገመቹ ትንሽ አሰበ። ከዚያ እንዳይወድቅ ቁጭ ብሎ ሳቀ። ለቅሶ ስላለ ድምፅ አላሰማም፤ ትከሻው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር።

«የእኔን አመጣለሁ» አለኝ ዓይኑን እየጠረገ። «ግን አጥሩን ዞሬ፣ በመንገዱ ነው የምመጣው። ትንሽ ይቆያሉ።»

«ቁልፉ ኪሴ ነው ገመቹ! ድንኳኑ አልወጣም።»

«ይወርውሩልኝ። ሰጥተውኝ ነው እላለሁ።»

ስሜን ለማዳን የመጣልኝ የመጨረሻው ዕድል ይህ ነበር። ተንበርክኬ ወረወርኩ። የልጅነት ክንዴ እንደሆነ አስቤ ነበር፤ የወረወረው ግን የሰባ ሁለት ዓመቱ ነው። ቁልፉ የመሃለኛው ጎረቤት ግቢ ውስጥ ገባ። እዚያ ደግሞ ሰው የሚውጥ በቆሎ በቅሏል።

ገመቹ አየኝ፤ እኔም አየሁት።

ዕቃ ቤቱ በር ላይ ታደሰ ጓጉንቸሩን በድንጋይ መምታት ጀመረ። ያን ጓጉንቸር የመረጥኩት እኔ ነኝ። «ሦስት ሰው ቢታገለው አይከፈትም» ብዬ በስብሰባ ላይ ያሳየሁት ነው። እውነቴን ነበር። አልተከፈተም።

በዚህ መሃል አዴ ጫልቱ ከቤት ወጡ። ሁለት ሴቶች ደግፈዋቸዋል። የሚያስቀምጧቸው ቦታ ፈለጉ። አግዳሚ ወንበሩ ሁሉ እኔ የቆለፍኩበት ቤት ውስጥ ነው። አንዷ ሮጣ ሳፋ አመጣችና ገልብጣ አስቀመጠቻቸው። ሁለት ወንበር ዘጠኝ ቀን አቆዩ ብዬ ስማቸውን ያነበብኩባቸው ሴት፣ ባላቸው በሞተ ቀን፣ በተገለበጠ ሳፋ ላይ ተቀመጡ። የመጀመሪያው ጠብታ ያን ጊዜ ቆርቆሮዬን መታው።

ተነሥቼ ቆምኩ። በጣሪያው አናት ላይ፣ በሚታየው ቦታ።

«ታደሰ! ቁልፉ በቆሎው ውስጥ ነው!»

ለቀስተኛው በሙሉ ቀና አለ። አንዲት ሴት «ያ ዋቃ!» ብላ አምላኳን ጠርታ አፏን ያዘች። ታደሰ እኔን አየ፤ በእጁ ያለውን መሰላል አየ፤ እንደገና እኔን አየ። የፊቱን ነገር እስክሞት አልረሳውም። ያመሰገነኝን ሁሉ አንድ በአንድ ሲመልስ ይታይ ነበር።

ጉደታና ሌሎች አራት ሰዎች በቆሎው ውስጥ ገቡ። ገመቹ መሰላሉን ሊያመጣ ወርዷል፤ የት እንደወደቀ የሚያውቅ እኔ ብቻ ቀርቻለሁ። ስለዚህ ዝናቡ እየወረደብኝ፣ አንድ እጄ የአስካለን ጫማ እንደያዘ፣ ሌላው እያመለከተ፣ «ወደ ግራ! አይ፣ ወደ ቤቱ! እዚያ፣ ከእግርህ ሥር!» እያልኩ መራኋቸው። ለቅሶ ቤት አይሳቅም። ሰው ሁሉ ግን ነጠላውንና ጋቢውን አፉ ላይ አድርጎ ነበር። ኦቦ ፉፋ በሕይወት ቢኖሩ ከሁሉ በላይ የሚስቁት እሳቸው ነበሩ።

ቁልፉ ተገኘ። ጉደታ ከታች ሆኖ «መሰላሉን እናምጣልዎት?» ሲለኝ፣ «ድንኳኑ ይቅደም» አልኩት። ያን ቀን የተናገርኩት ብቸኛ የረባ ቃል ነው።

ድንኳኑ በዝናብ ተተከለ። አዴ ጫልቱ ግን እስኪተከል ድረስ ረጥበዋል። አንድ ጃንጥላ ያዙላቸው፤ የወለጋ ዝናብ ደግሞ ለጃንጥላ ግድ የለውም። ይህን ከላይ ሆኜ አየሁት።

ገመቹ የራሱን መሰላል ይዞ መጣና ወደ እኔ ወጣ። ወገቤ ላይ ገመድ አሰረ።

«ምስማሩ የተመታበት መስመር ላይ ብቻ ይርገጡ። ከሥሩ እንጨት አለ። ሌላው ቦታ ሳሙና ነው ብዬዎት ነበር።»

«ለማውረድ ስንት ነው የምታስከፍለው?»

«ማውረድ ነፃ ነው። የሚከፈለው ለማጽዳት ነው» አለኝ።

መሬት ስደርስ አስካለ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሳ በሩ ላይ ቆማለች። ከላይ እስከ ታች አየችኝ። ከዚያ እጄን አየች።

«ውሻው መለሰልህ?» አለችኝ።

ልብሴን ቀይሬ ድንኳኑ ውስጥ ገባሁ። መዝሙር እየተዘመረ ነበር። ጎንበስ ብዬ የአዴ ጫልቱን እጅ ያዝኩ። እጃቸው ቀዝቅዟል፤ ሻሻቸው ረጥቧል። «እግዚአብሔር ያጽናዎት» ልል ስል ቀደሙኝ።

«ኦቦ ሽፈራው፣ የአስካለ አልጋ ይረጥባል ሲሉ ሰምቼ ነበር። ጣሪያው ዳነልዎት?»

ቀልድ ይሁን፣ ደግነት ይሁን፣ ሐዘን ያዞረው ሰው ወሬ ይሁን እስከ ዛሬ አላወቅሁም። እጃቸውን ለቅቄ ከኋላ ሄጄ ተቀመጥኩ። የተቀመጥኩትም በአግዳሚ ወንበር ነው።

በሚቀጥለው ስብሰባ መዝገቤን ይዤ ተነሣሁ። ስሜን፣ መሰላሉን፣ ቀኑን፣ በዚያው በመዝገብ ቤት ድምፄ አነበብኩ። ስለ ወንበሮቹም አዴ ጫልቱን በሰው ሁሉ ፊት ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ቁልፉን አስረክባለሁ ብል ግን ማንም አልተቀበለኝም፤ ሸክሙን የሚፈልገው የለም። ሁለተኛ ቁልፍ ይቀረጽና ሌላ ሰው ዘንድ ይቀመጥ ተባለ። ማን ይያዘው ሲባል፣ «አዴ ጫልቱ» አልኩ። እሳቸው ያን ጊዜም «እሺ» ብለው ተቀመጡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ንብረት ያዡ ለራሱ ዕቃ ሲፈልግ እሳቸውን አስፈቅዶ በእሳቸው ቁልፍ ይከፍታል።

አምና ክረምቱን አልጋ ስንገፋ ከረምን። የገመቹ ወረፋ እስኪደርሰን ነሐሴ አለፈ።

ዘንድሮ መጋቢት ላይ፣ ቅጠሉ ሳይበሰብስ፣ ገመቹን ራሴ ሄጄ ጠራሁት። ሦስት ሺህ አለኝ። አልተከራከርኩም፤ አፌ ግን ከልማዱ ሁለት ጊዜ ተከፍቶ ተዘጋ። የእሱ መሰላል አንድ መርገጫው ተሰብሮ ስለነበር የእድሩን መዋስ ግድ ሆነ። መዝገቡን በብብቴ ይዤ አዴ ጫልቱ ደጅ ሄድኩ።

ሰላምታው አልቆ፣ የልጅ የልጅ ልጅ ደህንነት ተጠይቆ፣ ጉዳዬን ነገርኳቸው። መዝገቡን ፊታቸው አስጽፈው ከራስጌ እስከ ግርጌ አዩት።

«ለምን እንደሆነ ይጻፉ እንጂ።»

«ጣሪያ ለማስጠረግ» ብዬ ጻፍኩ።

«ለስንት ቀን?»

«ለግማሽ ቀን ነው አዴ ጫልቱ።»

ቁልፉን ከመቀነታቸው ፈትተው መዳፌ ላይ አስቀመጡት፤ ግን ጣታቸውን ወዲያው አላነሡም።

«ካለፈ ስምዎን አነባለሁ» አሉኝ። አልሳቁም።

አሁን ጣሪያችን አይፈስም። ውሃው በአሸንዳው ወርዶ በርሜሉን ይሞላል፤ የአስካለ አልጋ ቦታው ላይ ነው። እኔ ግን ደክሞኛል፤ ትንሽ ነገር እንኳ ለመማር ይህን ያህል መውጣትና መውረድ በዚህ ዕድሜ ይከብዳል። ያን ቀን ከጣሪያዬ ላይ ያየሁት የተገለበጠ ሳፋ ዝናብ በመጣ ቁጥር ይታየኛል። አዴ ጫልቱ ይቅር ብለውኝ እንደሆነ አልጠየቅኋቸውም፤ ለመጠየቅ የሚያስችል ደንብ አላገኘሁም።

መሰላሉን ግን በሁለት ሰዓት ውስጥ መለስኩት። ሰባ ሦስት ዓመት እስኪሞላኝ እንደዚያ የሮጥኩበት ቀን የለም።